የቡሬን ዋጋ ማን ይክፈል?

«ታዲያ ዋጋዋን ማን ይሰጠኛል?»

ይህን የጠየቁኝ ሰንዳፋ አካባቢ ወተት እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት ናቸው። ዓመታት አልፈዋል፤ ጥያቄው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ያኔ የወተት ላሞችን ለሳምባ ነቀርሳ የሚመረምር የጥናት ቡድን ውስጥ እሠራ ነበር። ግቢ እንገባለን፣ ላሞቹን እንወጋለን፣ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰን ውጤቱን እናነባለን፣ መዝግበን ወደሚቀጥለው ግቢ እናልፋለን።

የእሳቸው ላሞች የፈረንጅ ዲቃላ ናቸው። ትልቋ ቡሬ ትባላለች። ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዷ የተቆረጠ፣ ግቷ ወደ መሬት የወረደ። ዕድሜዋን ስጠይቃቸው በዓመት አልነገሩኝም። «ትልቁ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ነው የገዛኋት፤ ይኸው አሁን ተመርቆ ሥራ ይዟል» አሉኝ። ጥርሷን ከፍቼ አየሁ። አርጅታለች። በረቱ ውስጥ አጠገቧ ከታሰሩት ላሞች ሁለቱ የራሷ ልጆች ናቸው።

ምርመራው ቀላል ነው። አንገቷ ላይ ሁለት ቦታ በምላጭ ይላጫል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። የቆዳው ውፍረት ካሊፐር በሚባል መለኪያ ይለካል። ከዚያ ቱበርኩሊን የሚባለው ፈሳሽ ቆዳው ውስጥ በጥቂቱ ይወጋል፤ አንደኛው ቦታ ላይ ከአእዋፍ ነቀርሳ ተሕዋስ የተሠራው፣ ሌላኛው ላይ ከከብት ነቀርሳ ተሕዋስ የተሠራው። ከ72 ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካል። የከብቱ ከአእዋፉ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ በልጦ ካበጠ ላሟ ተይዛለች ይባላል።

የቡሬን ውጤት ያነበብነው ጠዋት ነው። በረቱ ውስጥ የገለባና የፉርሽካ ሽታ አለ። የታችኛው ቦታ አብጧል፤ ካሊፐር ሳያስፈልግ በዓይን ይታያል። ጣቴን ሳስነካው አንገቷን ሸሸት አደረገች። ለካሁት፣ ጻፍኩት።

## ያቺ አንድ ጥያቄ

«ምን ሆነችብኝ?» አሉኝ።

«እማማ፣ የሳምባ ነቀርሳ ምልክት አሳይታለች።»

«እሷ? አትስልም እኮ። ትበላለች፣ ትታለባለች፣ እርጉዝ ናት።»

በሽታው እንደዚያ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ለዓመታት ሳይታይ ይቆያል። ላሟ ሳትከሳ፣ ሳትስል፣ ሌሎቹን ልታስይዝ ትችላለች፤ በተለይ እንዲህ ጠባብ በረት ውስጥ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ታስረው። ወተቱን አፍልተው እንዲጠጡ ነገርኳቸው። ጥጃዎቹን ከእሷ እንዲለዩ ነገርኳቸው። ለሌላ አርቢ እንዳይሸጧት ነገርኳቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመንጋው ብትወጣ እንደሆነ ተናገርኩ።

ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ላርዳት ነው የምትለኝ?» አሉ።

«ቢቻል፣ አዎ።»

«ይሁን። ታዲያ ዋጋዋን ማን ይሰጠኛል? መንግሥት ይሰጠኛል?»

«አይ እማማ፣ እንደዚያ ያለ ነገር እስካሁን የለም።»

ነጠላቸውን አጣፉ፤ ቡሬን አዩ፤ ወደ እኔ ዞሩ። «ካልከፈላችሁኝ ታዲያ ለምን ነገራችሁኝ?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ሊገባቸው ፈልገው ነው የጠየቁት፤ ድምፃቸውም እንደወትሮው ነው። እኔ መልስ አጣሁ። ስለ ሕዝብ ጤና ማውራት እችል ነበር። ስለ ልጆቻቸውና ስለ ጎረቤት ማውራት እችል ነበር። ግን እሳቸው የጠየቁት እነዚህን አይደለም። የጠየቁት ግልጽ ነው፤ እውነቱን ነግረኸኝ ጉዳቱን ብቻዬን እንድሸከም ትተኸኝ ከሄድክ፣ ያ እውነት ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቡሬ መሸጧን ሰማሁ። ደላላ መጥቶ፣ ገና ወተት ሊጀምር ላሰበ ወጣት አሻሻጣት። እርጉዝ ስለሆነች ጥሩ ዋጋ አወጣች። እናቲቱን አልወቅስም። ያን ጊዜ ልጆቻቸውን አስተምራ የጨረሰች ላም ነበረች፤ አርደው ቢሸጧት ደግሞ ሥጋ ቤት ያረጀች የወተት ላም ዋጋ አይሰጣትም። ሥጋ ቤት የሚፈልገው ሰንጋ ነው። በእሳቸው ቦታ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አስቤዋለሁ። ያንኑ ነበር የማደርገው።

ግን ያ ወጣት አለ። የእሱ ጊደሮች አሉ። ምርመራችን በሽታውን አንድ ግቢ ውስጥ አገኘው፤ ካሳ ባለመኖሩ ደግሞ ወደ ሌላ ግቢ ተሸጋገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማምነው አንድ ነገር አለ። ምርመራና ካሳ አብረው ካልመጡ ምርመራው በሽታውን ከበረት ወደ ገበያ ያወጣዋል።

## ያረጁት ላሞች ነገር

የከብት ሳምባ ነቀርሳ ዝግ ያለ በሽታ ነው። ስለዚህ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ዓመት የኖረች ላም ለበሽታው ብዙ ጊዜ ተጋልጣለች። ከተያዘችም ሳምባዋ ውስጥ ያለው ቁስል ለመስፋት ጊዜ አግኝቷል። በየግቢው ስንዞር ደጋግመን ያየነውም ይህንኑ ነው፤ መንጋው በጨመረ ቁጥር፣ ላሟም ባረጀች ቁጥር የመያዟ ዕድል ከፍ ይላል።

ከዚህ የባሰም አለ። ለረጅም ጊዜ የታመመች፣ በሽታው በመላ ሰውነቷ የተሠራጨ ላም አንዳንዴ ለምርመራው ምላሽ አትሰጥም። የሰውነቷ መከላከያ ደክሞ ቆዳዋ አያብጥም። በቅርብ የወለደች ላም ላይም ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማል። ካሊፐሩ «ጤነኛ ናት» ይላል፤ ከመንጋው ሁሉ ይበልጥ የታመመችው ግን እሷ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ በጣም በተያዘ መንጋ ውስጥ ያለች አሮጊት ላም «ነጻ» ስትባል ደስ አይለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በሚገኙ 88 የወተት እርባታዎች 2,956 ከብቶችን መርምሮ 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት እንደተያዙ አግኝቷል። ከእርባታዎቹ ግማሽ ያህሉ ውስጥ በሽታው ነበር። ይህ ገጠር ሜዳ ላይ የሚሰማራው የአበሻ ከብት ቁጥር አይደለም። የፈረንጅ ዲቃላዋ ከአበሻዋ ይልቅ በቀላሉ ትያዛለች፤ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ በረት ውስጥ ነው የምትውለው። በጎንደር፣ በሐዋሳና በመቀሌ ዙሪያ የተገኘው ቁጥር ከዚህ ያነሰ ነው። ግን ወደነዚህ ከተሞች የምትሄደው ዲቃላ ጊደር ከየት እንደምትገዛ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ከእኛው ሰፈር ነው።

አንባቢን ማስፈራራት አልፈልግም። በአገራችን ሰዎችን የሚይዘው ሳምባ ነቀርሳ በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ዓይነት ነው። የከብቱ ዓይነት በሰው ናሙና ላይ የተገኘው በጥቂቶች ብቻ ነው። ወተት ከፈላ ተሕዋሱ ይሞታል። የእኔ ጭንቀት ይበልጥ ወደ አርቢው ያደላል። የተያዘች ላም ወተቷ ይቀንሳል፣ ጥጃዋ ይያዛል፣ በመጨረሻም በረቱ በሙሉ ይያዛል። ከዚያ በኋላ መለየት ራሱ ትርጉም ያጣል፤ ለይቶ የሚያስቀምጠው ጤነኛ ከብት የለውምና።

## በግማሽ ዋጋ የተጀመረው

ያንን ጥያቄ ይዤ ስዞር ብዙ ያስተማረኝ የእንግሊዝ ታሪክ ነው። በሽታው ሌላ ነው፤ የእብድ ላም በሽታ። ጥያቄው ግን ያው የእማማ ጥያቄ ነበር።

በሽታው በእንግሊዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 መጨረሻ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ላሟ ውስጥ ከገባ በኋላ አራት አምስት ዓመት ተደብቆ ይቆያል፤ ስለዚህ የሚታየው ጎልማሳ ላሞች ላይ ነው። በነሐሴ 1988 መንግሥት የታመሙ ላሞች እንዲገደሉ አዘዘ። ካሳውም ተወሰነ። ከተገደለች በኋላ በሽታው እንዳለባት የተረጋገጠ ላም የዋጋዋ ግማሽ ይከፈላል። ጤነኛ ሆና ከተገኘች ሙሉ ዋጋ። ምክንያቱ ለቢሮ ሰው ጥሩ ይመስላል፤ የታመመች ላም የጤነኛ ዋጋ የላትም።

አሁን ራሳችሁን በገበሬው ቦታ አስቀምጡ። ላሚቱ ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀምራለች፤ ገና ሌላ ሰው አላየም። ሐኪም ከጠራ ግማሽ ዋጋ ያገኛል። ነገ ጠዋት ገበያ ከወሰዳት ሙሉ ዋጋ። ምን ያህሉ ገበሬ ወደ ገበያ እንደወሰደ መቁጠር አይቻልም። ፈተናው ግን ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ትችቱም ወዲያው ነው የተነሳው። በየካቲት 1990 መንግሥት ሙሉ ዋጋ መክፈል ጀመረ። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ አልፎ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው። ግን ተረቱ የሚወቅሰው ደባቂውን ብቻ ነው። መናገር ግማሽ ዋጋ ሲያስከፍል፣ መደበቅ ደግሞ ሙሉ ዋጋ ሲያስገኝ፣ ያን ሥርዓት ያወጣውም ሰው የድርሻውን መውሰድ አለበት።

በመጋቢት 1996 መንግሥት በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ በይፋ ተናገረ። የሰው ሞት እየታየ መጥቶ ነበር፤ በኋላ በእንግሊዝ ብቻ ከ170 በላይ ሰው በዚህ በሽታ ሞቷል። ያኔ የተወሰደው እርምጃ እኔን በጣም አስገርሞኛል። ማንን እንደምትመርጥ በማታውቅበት፣ በቁም ላለ ከብት ምርመራ በሌለበት ጊዜ፣ ዕድሜን ድንበር አደረጉት። ከ30 ወር በላይ የሆነ ከብት ሁሉ፣ ታመመም አልታመመም፣ ለሰው ምግብ እንዳይውል ተከለከለ። መንግሥትም ገዝቶ አስወገደው። በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት። ገበሬው ያረጀች ላሙን አምጥቶ አስረክቦ ገንዘቡን ይወስዳል።

ይህ ሕግ እስከ ኅዳር 2005 ቆየ። ከዚያ የታረዱትን ትልልቅ ከብቶች መመርመር ተተካ። ከነሐሴ 1996 በፊት የተወለዱት ግን ያኔም ወደ ምግብ አልገቡም። ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ አሮጊቶች የተለየ የክፍያ መርሐ ግብር ተዘጋጅቶ እስከ 2008 መጨረሻ ቀጠለ። ስጋቱ ሲቀንስ በአውሮፓ የመመርመሪያው ዕድሜም ከፍ አለ፤ ከ30 ወር ወደ 48፣ ከዚያ በ2011 ወደ 72። ምርመራውም ክፍያውም ከላሚቱ ዕድሜና ከስጋቱ ጋር አብሮ ሲሄድ ማየት ደስ ይላል።

ዛሬ በእንግሊዝ በሳምባ ነቀርሳ የምትወገድ ላም በዕድሜዋ፣ በፆታዋና በዓይነቷ በወጣ ሠንጠረዥ ነው ዋጋዋ የሚወሰነው። ሠንጠረዡ የሚሞላው በገበያ ላይ ከተሸጡ ከብቶች ዋጋ ነው። ምርታማ ላም ያለው አርቢ «የእኔዋ ከአማካዩ ትበልጣለች» እያለ ያማርራል፤ ልክ ሊሆንም ይችላል። ምርመራውን ያዘገየ አርቢ ደግሞ ካሳው ይቀነስበታል። ይህኛው ለእኔ ትክክል ነው። ገንዘቡ ለታማኝነት የሚከፈል ከሆነ ለዘገየ ሰው ማነሱ አይከፋም።

## ወታደር የተላከበት ምርመራ

አሜሪካኖች በ1917 ነው የከብት ሳምባ ነቀርሳን ለማጥፋት አገራዊ ዘመቻ የጀመሩት። ያኔ ከከብታቸው 5 በመቶ ያህሉ ተይዞ ነበር። የፌዴራሉና የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ከጉዳቱ የተወሰነውን እየተካፈሉ ይከፍሉ ነበር። በ1940 በሽታው ከሞላ ጎደል ከአገሪቱ ጠፍቷል።

መሐል ላይ ግን የአዮዋ ክፍለ ግዛት አለ። በ1931 ሴዳር ካውንቲ ውስጥ ገበሬዎች «ከብቶቻችንን አትመረምሩም» ብለው ሐኪሞቹን አባረሩ። ዘመኑ የኢኮኖሚ ቀውስ ነበር፤ የከብት ዋጋ ወድቆ ነበር፤ ካሳው አያረካም፣ ምርመራውም አይታመንም። ገዢው ብሔራዊ ዘብ አሰማራ። ላም ለመውጋት ወታደር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እነዚያ ገበሬዎች አላዋቂ ናቸው ለማለት ይከብደኛል። ከእነሱ የተፈለገው ባንክ ውስጥ ምንም በሌለበት ዓመት ንብረታቸውን እንዲያስረክቡ ነው።

ከአፍሪካም አንድ ምሳሌ አለ። በ1995 ቦትስዋና ሰሜን ምዕራብ፣ ንጋሚላንድ ውስጥ ሌላ የከብት ሳምባ በሽታ ገባ። መንግሥት የአካባቢውን ከብት በሙሉ ለማስወገድ ወሰነ፤ 320,000 ገደማ ከብት። ለባለቤቶቹ በገንዘብም በምትክ ከብትም ካሰ። በሽታው ጠፋ። ስለዚህ «የአፍሪካ መንግሥት አይችልም» የሚለውን አልቀበልም። ግን ካሳው የተከፈለበት አገር እንኳ ጉዳት አልቀረለትም። ከብቱ ካለቀ በኋላ በአካባቢው ሕፃናት ላይ የክብደት ማነስ ጨምሮ ታየ። ወተት ከቤት ሲጠፋ ገንዘብ ወዲያው አይተካውም። የእኛም ነገር ሲታሰብ ይህ አይረሳ።

## ለእኛ የሚሆነው

መልሱ «የተያዙትን ሁሉ ግደሉ፣ መንግሥት ይክፈል» ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አይሆንም። ከሦስት ላም አንዷ የተያዘችበት አካባቢ ሁሉንም ብታወጣ የከተማው ወተት ይቆማል፤ ካዝናውም አይችለውም። አንዲት ጥሩ ዲቃላ ጊደር ዛሬ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ናት።

የዴንማርኩ በርንሃርድ ባንግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህንኑ ችግር አይቶ መላ ዘይዶ ነበር። መንጋውን መርምሮ ለሁለት ይከፍለዋል። የተያዙት ለብቻ፣ ጤነኞቹ ለብቻ። ከታመሙት የሚወለዱትን ጥጆች ወዲያው ለይቶ በተፈላ ወተት ያሳድጋል። ከዓመታት በኋላ ጤነኛው መንጋ ያድጋል፣ የታመመው በእርጅና ያልቃል። ችግሩ በእኛ አርቢ ግቢ ሁለተኛ በረት የሚሠራበት ቦታ አለመኖሩ ነው። አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አምስት ላም ለሚያስር ሰው «ለየብቻ አድርግ» ማለት ቀልድ ይሆንበታል። ቦታ ላላቸው ትልልቅ እርባታዎች ግን ይሠራል፤ ነገ ሊጀመር ይችላል።

ለትናንሾቹ እኔ የምለው ከአሮጊቶቹ እንጀምር ነው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው። ያረጀችው ላም የመያዝ ዕድሏ ከፍተኛ ነው፤ ከተያዘችም ብዙ የምታሠራጭ ሳትሆን አትቀርም። በሌላ በኩል ዋጋዋ ዝቅተኛ ነው። ወተቷ ቀንሷል፣ የሚቀራት ወሊድ አንድ ወይም ሁለት ነው። ከፍተኛው ስጋትና ዝቅተኛው ካሳ አንድ ላም ላይ የሚገናኙት እዚህ ነው። በውስን ገንዘብ ብዙ ስጋት የሚወገደው ከእነሱ ነው። ምርመራው የሚሳሳተውም በእነሱ ላይ ስለሆነ፣ ብዙ ከብት በተያዘበት በረት ውስጥ ያለችን አሮጊት «ነጻ» ብትባልም መግዛት ይሻላል። እንግሊዞች በ30 ወር ድንበር ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ማወቅ ባልቻሉበት ቦታ ዕድሜን ተከተሉ።

ዋጋዋ ሲተመን ግን የሥጋ ቤት ዋጋ መሆን የለበትም። አርቢዋ የምታጣው ሥጋ አይደለም። የምታጣው ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ የሚታለብ ወተትና አንድ ጥጃ ነው። ሥጋው በቄራ ሐኪም ተመርምሮ ለምግብ የሚሆን ከሆነ ይሸጥ፤ ካሳው የሚሞላው በሥጋው ዋጋና በወተት ላምነቷ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በዚህ ስሌት የሚፈለገው ገንዘብ ብዙዎች ከሚፈሩት በጣም ያንሳል።

ከየት ይምጣ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እንበል ከእያንዳንዱ ሊትር ወተት 50 ሳንቲም ለዚህ ተለየ። በቀን 10 ሊትር፣ በዓመት 300 ቀን የምትታለብ ላም 1,500 ብር ታዋጣለች። ሰባ ላም ያለበት ሰፈር በዓመት 105,000 ብር ይሰበስባል። አንድ ሁለት አሮጊት ላም በቂ ካሳ ተከፍሎባት ለማውጣት ይበቃል። ሰባ ላም ውስጥ ግን ሃያ ያህሉ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከወተቱ የሚገኘው ለማስቀጠል እንጂ ለመጀመር አይበቃም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መንግሥት መሸከም አለበት። የደስታ በሽታ የሚባለውን የከብት ወረርሽኝ ከአገር ያጠፋነው በመንግሥት ወጪ በተሰጠ ክትባት ነው፤ አርቢው ብቻውን ይክፈል ቢባል ኖሮ እስካሁን አብሮን ይኖር ነበር።

«ካሳ ካለ ሰው የታመመ ከብት እየገዛ ያስገባል» የሚል ስጋት ሲነሳ እሰማለሁ። ተገቢ ስጋት ነው። መፍትሔው ግን ካሳውን መከልከል አይደለም። ጆሮዋ ላይ ቁጥር ያላት፣ ቢያንስ አንድ ዓመት እዚያው ግቢ የተመዘገበች ላም ብቻ ትካስ። ምዝገባው ደግሞ ሌላም ይጠቅማል፤ ደላላው ይዟት ሲሄድ ቁጥሯ አብሯት ይሄዳል፣ የገዛው ወጣት ከየት እንደመጣች ያውቃል። መጀመሪያ መታሰብ ያለባቸውም ለሌላ አርቢ ጊደር የሚሸጡት እርባታዎች ናቸው፤ ከእነሱ የወጣች አንዲት የታመመች ጊደር በሌላ ከተማ አዲስ መንጋ ትጀምራለችና።

ካሳ ይመጣል እየተባለ ብዙ የቆየ ጉዳይ አለ በአገራችን፤ አርቢው ያውቀዋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለውን ሲተርት ሰምቼዋለሁ። በዚህ ምክንያት ስለ አከፋፈሉ አንድ ነገር ላይ እጸናለሁ። ክፍያው በአርቢዋ አካውንት ሳይገባ ላሟ ከግቢ አትውጣ። ማመልከቻ አስገብታ፣ ወረዳ ተመላልሳ፣ ኮሚቴ ጠብቃ የምትከፈል ከሆነ ደላላው ይቀድማል፤ እሱ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ጠዋት በሩ ላይ ይቆማል። የሐኪሙ ካሊፐርና የክፍያው ማረጋገጫ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ በረት መድረስ አለባቸው። ይህን ማድረግ የሚችል ወረዳ ካለ ከዚያ ይጀመር፤ በአንድ ወረዳም ቢሆን።